የጉብኝት ቀን ረብሻ የሚነሳው ልጆች ሥራ ሲፈቱ ነው

ለተግባር ልምምድ የወጡ እጩ መምህራን ልጆች የሚያስቸግሩት የጉብኝቱ ቦታ ሲደርሱ ይመስላቸዋል። አብዛኛው ረብሻ የሚነሳው ግን መኪና ሲጠበቅ፣ የሽንት ቤት ተራ ሲያዝ፣ አስጎብኚ እስኪመጣ ነው። ዋናው ዝግጅት ይህን ባዶ ሰዓት መሙላት ነው። 40 የአራተኛ ክፍል ልጆችን ከደብረ ብርሃን አንኮበር ትወስዳላችሁ እንበል።

ቀኑ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውና የማይጾመው ምሳ ላይ ይነካካል።

ልጆቹን ስምንት ስምንት አድርጋችሁ በ5 ቡድን ክፈሉ፤ ለየቡድኑ አንድ አዋቂ መድቡ። አብሮ የሚሄድ ወላጅ ካለ የራሱ ልጅ ካለበት ቡድን አታስገቡት፤ ዓይኑ ከልጁ ስለማይነቀል ሰባቱ ይረሳሉ። በጣም የሚቅበጠበጠውን ልጅ እናንተ ጋ አድርጉና ቆጠራውን የሚያስጀምረው እሱ ይሁን።

ራስ እየነካችሁ አትቁጠሩ፤ የሚንቀሳቀስ ልጅ ሁለቴ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ስጡና ቁጥራቸውን ራሳቸው በየተራ ይጥሩ። «አራት!» ተብሎ ቀጥሎ ዝም ካለ የጎደለው ማን እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። ጓደኛ ለጓደኛው «አቤት» ማለት ስለሚወድ፣ ለሌላ መጥራት እንደማይቻል አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሲሳፈሩ፣ ሲወርዱ፣ ከሽንት ቤት ሲመለሱና ከየቦታው ሳትነሱ ቁጠሩ።

ደንቡ ከሦስት አይብዛ፦ ከጥንድህ (አብሮህ እንዲሄድ ከተመደበው ጓደኛህ) ጋር ሁን፤ ከአዋቂው ኋላ ሂድ፤ ፊሽካ ስትሰማ ቁም። ፊሽካውን በዋዜማው ግቢ ውስጥ አለማምዷቸው፤ እየሮጡ ሳሉ ንፉና አምስት እስክትቆጥሩ ሁሉም ይቁም። በጉዞው ቀን ግን በየምክንያቱ አትንፉት፤ ከለመዱት አይሰሙትም።

አንድ ልጅ ካስመለሰው ሽታው ሌሎቹንም ያስመልሳል። መኪና የሚያዞራቸውን ከፊት አስቀምጡ፣ ለየጥንዱ ፌስታል ስጡ፣ መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ሹራብ ያልያዘ ልጅ አይሳፈር፤ በዚያ ደጋ ብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ የምትሉትን አይሰማም።

አንኮበር የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ ነፋስ አለ፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አታስረዱ። ታሪኩን ክፍል ውስጥ ጨርሱትና እዚያ ፈልጎ ማግኘትን ስጧቸው፦ የቀረው ግንብ በምን ተሠራ? በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ሲታይ ምን ምን ይለያል? ገደል ባለበት አዋቂው ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ፣ ከጠርዙ ራቅ ብሎ ይቁም። ጭላዳ ዝንጀሮ ካያችሁ ምሳ ከቦርሳ አይውጣ፤ ሣር ነጭቶ የሚኖረውን እንስሳ ዳቦ መወርወር ሰው ላይ እንዲመጣ ያለማምደዋል።

ያጠፋውን ልጅ ከሩቅ አትጩሁበት። ቀርባችሁ፣ ስሙን ጠርታችሁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ንገሩት። ከደገመ አሥር ደቂቃ ከጎናችሁ ይሂድ። «ጥለንህ እንሄዳለን» አትበሉ፤ እንደማታደርጉት ያውቃል። ጆሮ መጎተትና ማንበርከክም አይሆንም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቀዋል።

ቆጠራው ከጎደለ ሁሉም ቡድን ባለበት ይቀመጥ። ሁለት አዋቂዎች በመጣችሁበት መንገድ መጨረሻ ወደቆጠራችሁበት ይመለሱ፤ ሌሎቹ ከልጆቹ አይለዩ። ልጆቹም ከመነሳታችሁ በፊት «ከጠፋሁ ባለሁበት እቆማለሁ» ብለው ደግመው ደጋግመው ይበሉት። ፍለጋው የሚረዝመው የጠፋው ልጅም እየፈለገ ሲሄድ ነው።