አጓትን በእንቁላል ቅርፊት፦ ከአይብ ትርፍ ላክቱሎዝ እንዴት ይሠራል?

ደሴ እኛ ቤት አሬራ እሳት ላይ በተጣደ ቁጥር፣ ከአይቡ ይልቅ እኔ የምጠብቀው አጓቱን ነው። አይቡ ተጠልሎ ሲያልቅ የሚቀረው ያ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ውሃ። ቀለሙን የሰጠው ሪቦፍላቪን የሚባለው ቫይታሚን ነው። ለጥጃ ወይም ለውሻ ከተሰጠ ጥሩ፤ ሲደፋ ግን ያንገበግበኛል። አንድ ሊትር አጓት ወንዝ ከገባ፣ ባክቴሪያ እሱን ለማብላላት ከ30 እስከ 50 ግራም ኦክስጅን ከውሃው ይወስዳል። ደሴ የተደፋው ደግሞ በቦርከና አድርጎ ኮምቦልቻ ይወርዳል።

በዚያው ሊትር ውስጥ 40 ግራም ገደማ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር አለ። ይህን ስኳር በካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን ነገር፣ ወደ ላክቱሎዝ መቀየር ይቻላል። ላክቱሎዝ ለሆድ ድርቀትና ለአንዳንድ የጉበት ሕመምተኞች የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የሁለቱ አተሞች ልክ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በአቀማመጥ ብቻ ነው። የላክቶሱ ግማሽ ግሉኮስ ነበር፣ ፍሩክቶስ ይሆናል።

ካታሊስታችን የእንቁላል ቅርፊት ነው። ከ90 በመቶ በላዩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የውስጡን ስስ ሽፋን ላጡ፣ ቅርፊቱን ቀቅሉ፣ አድርቁ፣ በሙቀጫ ውቀጡና በወንፊት ንፉ። ዱቄቱ እንደ በርበሬ ይድቀቅ። የፈረንጅ ዶሮ ቅርፊት 5 ወይም 6 ግራም ይመዝናል፤ የሐበሻው ያንሳል። ለአንድ ሊትር 12 ግራም ያህል ያስፈልጋችኋል።

አጓቱን አንዴ አፍሉትና በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት፤ የቀረው ፕሮቲን ተይዞ ይቀራል። ድስቱ ስቴንለስ ይሁን፤ አጓቱን ያኮመጠጠው ላክቲክ አሲድ አሉሚኒየምን ይበላል።

ቀጥሎ ያለውን አትቸኩሉበት። አጓቱ ለብ እንዳለ የዱቄቱን ግማሽ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ወዲያው አረፋ ይነሳል፤ ልክ እንደ አምቦ ውሃ ፍስስ ይላል። ላክቲክ አሲዱ ቅርፊቱን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ካልሲየም ላክቴት ይፈጠራል። እዚህ ላይ ቅርፊቱ ካታሊስት አይደለም፤ ያልቃል። 10 ግራም አሲድ 5.5 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይጨርሳል። አጓቱ በጣም የኮመጠጠ ከሆነ ዱቄት ጨምሩ። አረፋው ሲቆምና ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት (አሲድ ሲነካው የሚቀላ መፈተሻ) መቅላቱን ሲተው አጥልሉ።

አሁን ቀሪውን 6 ግራም መዝናችሁ ጨምሩ፤ አፍሉትና እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብሎ እየፈላ፣ እያማሰላችሁ አቆዩት። ፋብሪካና ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ ሥራ 100 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። እኛ ጋ ግን ደሴ ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 94 አካባቢ። ስለዚህ አንድ ሰዓት የሚበቃውን እኔ ሰዓት ተኩል አቆየዋለሁ። የተነነውን ያህል የፈላ ውሃ እጨምራለሁ። ቀለሙ ወርቃማ ሲሆን አውርዱ። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ስኳር ከሸተተ አልፎበታል፤ ላክቱሎዙ ራሱ መፈራረስ ጀምሯል።

ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና አጥልሉት። የሚቀየረው ከላክቶሱ ከፊሉ ብቻ ነው። ስንት እንደተቀየረ በዓይን አይታወቅም፤ ስኳሮችን ለይቶ የሚለካ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። እባካችሁ ይህን ፈሳሽ እንደ መድኃኒት አትጠጡት፣ ለሕፃን አትስጡት። መጠኑ ያልታወቀ፣ ያልተጣራ ነገር ነው። ለትምህርት ቤት ሙከራ ግን፣ ወይም ወተት አቀነባባሪ ማኅበር ውስጥ ላለና የአጓቱ ነገር ላሳሰበው ሰው፣ ጥሩ መነሻ ነው። ፋብሪካዎች በኮስቲክ ሶዳና በቦሪክ አሲድ ከዚህ በጣም የበለጠ ያወጣሉ፤ ነገር ግን ቦሩን ከምርቱ ለማስወጣት ብዙ ይለፋሉ። ቅርፊቱን ለማስወጣት ነጠላ ይበቃል።

ነጠላው ላይ የቀረውን ዱቄት እጠቡና አድርቃችሁ መዝኑት። ከመጀመሪያው ዙር ብዙም አልተረፈም ነበር። ይኼኛው ግን ጥቂት ቢጎድል እንጂ ከሞላ ጎደል አለ። እኔ በወረቀት ጠቅልዬ ለሚቀጥለው አይብ አስቀምጠዋለሁ።