ሬዲዮን ለሙዚቃ ብላችሁ ስትከፍቱ

«ዛሬ ሬዲዮ ማን ይሰማል?» ይሉኛል፣ ሙዚቃ ነፍሳቸው የሆነ ጓደኞቼ ሳይቀሩ። እኔ እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከፍቶ ለረሳው ሰው ሬዲዮ ያሰለቻል፤ እነዚያው ዘፈኖች፣ ማስታወቂያ፣ ደግሞ እነዚያው ዘፈኖች። ሙዚቃ ሊያገኝበት ለፈለገ ሰው ትንሽ ዘዴ አለው።

መጀመሪያ ጣቢያ መምረጡን ተዉትና አዘጋጅ ፈልጉ። ጠዋትና አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ባለበት ሰዓት፣ ማስታወቂያው የሚሸጠው ያኔ ስለሆነ ጣቢያዎች ማንም ጣቢያ እንዳይቀይርባቸው ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን ነው የሚያጫውቱት። የሙዚቃ ሰው ማይክ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ወይም ቅዳሜና እሁድ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ዜማውን ማን እንደደረሰው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው የሚነግራችሁ ድምፅ ሲያጋጥማችሁ እዚያ ቁሙ። ቀንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ስልካችሁ ላይም ማስታወሻ ሙሉ፤ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ትረሱታላችሁ።

«አይስብም» ለምትሉ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሬዲዮው አይደለም። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ነው፤ የዚያ ሩብ የሆነ፣ 75 ሳንቲሜትር ገደማ አንቴና በደንብ ይስባል፤ ስለዚህ አንቴናውን እስከ ጫፉ ምዘዙት። ወደ መስኮት አስጠጉት፤ ኮረብታና ወፍራም ግንብ ይጋርደዋል። በስልክ የምትሰሙ ከሆነ ባለገመድ ኢርፎን ሰኩ፣ አንቴናው ገመዱ ራሱ ነው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጣቢያ ስረግም ከርሜ ሹሹታውን የሚያመጣው አጠገቡ የሰካሁት ቻርጀር ሆኖ ተገኘ! ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልም እንደዚያ ያደርጋል። ሁሉንም ነቅላችሁ አሁንም ካልጠራ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ ቀይሩት፤ ሞገዱ ሲደክም ሹሹታውን የሚያባብሰው ስቴሪዮው ነው። አዎ፣ የግራና የቀኝ ድምፁ ልዩነት ይጠፋል። ግን ዘፈኑ ይሰማል።

አዲስ ሬዲዮ ልትገዙ ከሆነ ያላችሁበት አካባቢ በምን እንደሚያስተላልፍ አስቀድማችሁ አጣሩ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ስርጭት አዛውራለች፤ እዚያ ኤፍኤም ብቻ የሚስብ ሬዲዮ የአካባቢ ጣቢያዎችን እንጂ እነሱን አያሰማም። ሬዲዮው መካከለኛ ሞገድ (ኤኤም) ያለው ከሆነ ማታ ላይ በጣም ሩቅ ያሉ ጣቢያዎች ይገቡላችኋል፣ ድምፁ ግን የታፈነ ስለሆነ ለሙዚቃ ብላችሁ አትድከሙበት።

የዘፈኑ ስም ካመለጣችሁ ሰዓቱን መዝግቡ። አንዳንድ ጣቢያዎች ያጫወቱትን ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ካልሆነ ለአዘጋጁ መልእክት ላኩለት፣ የሙዚቃ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለዋል። ከዚያ ዘፈኑን ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ አስቀምጡ፤ ስልኩን ጣሉት ያለ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ያልጣማችሁ ዘፈን ሲመጣ ጣቢያ አትቀይሩ። ስልክ ላይ ገና መግቢያው ሳያልቅ ነው የምናልፈው፤ እዚህ ማለፊያ የለም። አሁን ነፍሴ የሆኑት ሁለት ዘፋኞች መጀመሪያ ስሰማቸው «ይሄን ማን ይሰማዋል» ያልኳቸው ናቸው። ለአዘጋጁ ሦስት ሳምንት ስጡት። በአራተኛው ያንኑ ከደገመ፣ ያኔ አዙሩት።