ዌብሳይቱ በማን ስም ነው?

ደሴ ፒያሳ ያለችው፣ ዌብሳይት የምሠራባት ቢሮዬ ጠባብ ናት። አንድ ጠዋት ማር የሚሸጡ እናት፣ የደሴ ጉም ነጠላቸው ላይ እንዳለ ገቡ። ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ዌብሳይቴ ቻይንኛ መናገር ጀመረ» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። የላስታ ነጭ ማር ፎቶ በነበረበት ቦታ የቁማር ማስታወቂያ ተደርድሯል።

«አብሽሩ እማማ» አልኳቸው። ውስጤን ግን ቅር ብሎታል፤ ነገሩ ገብቶኛል።

የጠለፋቸው ሰው የለም። የዌብሳይቱን ስም የገዛላቸው ውጭ አገር ያለ የእህታቸው ልጅ ነው። በራሱ ካርድ፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል። ልጁ ኋላ ኢሜይሉን ቀየረ። «ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ አድሱ» የሚለው ማስታወሻ ማንም ወደማይከፍተው አሮጌ ኢሜይል ሲላክ ከረመ። ጊዜው አለቀ፤ ስሙ ተለቀቀ፤ ሌላ ሰው አነሳው። በቃ።

እኔ ጋ ከሚመጡት ችግሮች አብዛኞቹ የኮምፒውተር ችግር አይደሉም። «የማን ነው?» የሚባል ጥያቄ ቀድሞ ስላልተጠየቀ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዌብሳይት ስናሠራ ከምንሠራቸው ስህተቶች ከሱ ልጀምር።

ስሙን በሌላ ሰው ስም ማስመዝገብ

ሁለት ነገር እንለይ። ዶሜን ስሙ ነው፤ በዶት ኮም ወይም በዶት ኢቲ የሚያልቀው። ሆስቲንግ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ኪራይ ነው። ክፍያቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱን ከፍሎ ሌላውን መርሳት ይቻላል። ደግሞ «ስም ገዛሁ» እንላለን እንጂ ስምም ኪራይ ነው። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። እስከ 10 ዓመት ድረስ ባንድ ጊዜ መክፈልም ይቻላል።

የኛ ጣጣ ዶላሩ ላይ ነው። በዶት ኢቲ የሚያልቀው ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ይገኛል። ዶት ኮም የፈለገ ግን የዶላር ካርድ ያለው ሰው ይለምናል፤ ብዙ ጊዜ ዘመድ። ይክፈልላችሁ፣ እግዜር ይስጠው። አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይል ይከፈት። ባለቤት በሚለው ቦታ የእናንተ ስም ይግባ። ዶት ኮም የሚሸጡ ድርጅቶች ጊዜው ከማለቁ አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስታወሻ የመላክ ግዴታ አለባቸው። የሚልኩት ግን ለተመዘገበው ኢሜይል ነው። ሱቃችሁ ድረስ መጥቶ የሚያንኳኳ የለም።

ቢያልፍባችሁም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት በመደበኛው ዋጋ ማደስ ይቻላል። ከዚያ ስሙ ሲሰረዝ ደግሞ ለ30 ቀን ያህል ከበድ ያለ ቅጣት ተከፍሎ ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ የቀደመ ይወስደዋል። እማማ የመጡት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነበር።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ ስጀምር የደንበኞቼን ስም ሁሉ በራሴ አካውንት አስመዘግብ ነበር። ለእነሱም ይቀላል፣ ለእኔም ይቀላል ብዬ። አንድ ቀን ስልኬ መናኸሪያ ውስጥ ተሰረቀ። የመግቢያው ኮድ የሚመጣው በዚያ ስልክ ነው። ሲም ካርዱን እስካወጣ ድረስ የሰው ሁሉ ንብረት እኔ ላይ ታስሮ ቀረ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ዌብሳይት የሚሠራላችሁ ሰው «እኔ እይዝላችኋለሁ» ካላችሁ፣ ክፉ ባይሆንም እሺ አትበሉት። የዶሜኑን፣ የሆስቲንጉንና የዌብሳይቱን የውስጥ መግቢያ ተቀበሉት። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ቀሪውን ክፍያ የምትሰጡት ራሳችሁ በየተራ ከገባችሁ በኋላ ይሁን።

ሳያስፈልግ ማሠራት

ይህን የምለው እንጀራዬን እየጎዳሁ ነው። ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ሰው ደንበኛው በእግሩ መጥቶ፣ አሽትቶ፣ ተከራክሮ ነው የሚገዛው። ለሱ የቴሌግራም ቻናልና ጉግል ማፕ ላይ በትክክል የተቀመጠ ቦታ ይበቃዋል። ሁለቱም በነጻ ናቸው።

ዌብሳይት የሚያስፈልገው ደንበኛው ከሩቅ ሲሆን ነው። ላሊበላ የእንግዳ ማረፊያ ላለው። ለአስጎብኚ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላሉ ፋብሪካዎች ዕቃ ላቅርብ ለሚል። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ከመነጋገራቸው በፊት «ይህ ድርጅት በእውነት አለ?» ተብሎ ይፈተሽባቸዋል።

የተገላቢጦሹም ስህተት ነው፤ ሁሉን ነገር ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ላይ መጣል። ገጹ ሲዘጋ ወይ ሲጠለፍ አቤት የሚባልበት ቢሮ ደሴ ውስጥ የለም።

ፊደሉንና ሰዓቱን ችላ ማለት

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሌላ ቦታ ሲጻፍ ብዙም አላየሁትም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በአሮጌ የፊደል ሶፍትዌሮች ስንጽፍ ኖረናል። በእነሱ የተጻፈ ብሮሹር ከኮምፒውተራችሁ ገልብጣችሁ ዌብሳይት ላይ ብትለጥፉት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ጉድ ይወጣል። ፊደሉን እንደ አዲስ መተየብ ይሻላል። አንዳንዱ ታዲያ ይህን ለመሸሽ ጽሑፉን ሁሉ ፎቶ አድርጎ ይለጥፈዋል። ያምራል። ግን ሰው ስልክ ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይችልም፤ መገልበጥም አይችልም። ጉግል ላይ ሲፈለግም እንደ ተጻፈ ጽሑፍ አይገኝም።

ደግሞ የሞክሼ ፊደላችን ነገር አለ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችውን ከተማ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ ሀይቅ፣ አንዱ ኃይቅ ብሎ ይጽፋታል። ጸጉር ቤት ያለው ሰው ደንበኛው «ፀጉር» ብሎ ሊፈልገው ይችላል። እኛ አንድ ነው እንላለን፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ርእሱ ላይ አንዱን ከጻፋችሁ ሌላውን ከታች ባለው ጽሑፍ ውስጥ ጣል አድርጉበት። የቋንቋ መምህር ይቆጣ ይሆናል። ደንበኛ ግን ያገኛችኋል።

ሰዓት። አንድ የላሊበላ ማረፊያ እንግሊዝኛ ገጹ ላይ «ቁርስ ከ1 እስከ 3» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። ፈረንጁ በሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ ሊበላ ይመጣል! የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ በፈረንጅ ሰዓት፣ የአማርኛው ላይ በኛ ጻፉ። ቀንም እንደዚያው ነው። ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28። ለውጭ እንግዳ ጃንዋሪ 7 ብላችሁ ብትጽፉለት ሁለቱንም ዓመት ይሠራል።

ከባድ ፎቶ

በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። አሥር ፎቶ ስትደረድሩ 40 ሆነ። መቶ ሜጋ ጥቅል የገዛ ደንበኛ ግማሹ ሊያልቅበት ምንም ያህል አይቀረውም። ከማየቱ በፊት ወጥቶ ይሄዳል። ፎቶው ወደ 200 ኪሎባይት ቢቀነስ ስልክ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በነጻ የሚያሳንሱ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ዌብሳይቱን ስትረከቡም በባለሙያው ላፕቶፕና ዋይፋይ አትዩት፤ በራሳችሁ ስልክ፣ በዳታ፣ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሞክሩት።

ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አለማሰብ

ኔትወርክ ይጠፋል ብሎ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። የሚረሳው ይህ ነው፦ እኛ ጋ ሲጠፋ ዌብሳይቱ አይጠፋም። ፋይሎቹ ያሉበት ኮምፒውተር ሌላ አገር ከሆነ ለሌላው ዓለም ክፍት ነው። እንግዳው ፎርም ሞልቶ «ላክ» ይላል፤ መልስ የለም። ይጠብቃል፤ ከዚያ «ናቁኝ» ብሎ ሌላ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ፎርሙ የሚልከውን ኢሜይል አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ የምታምኑት ሰውም ይድረሰው። መደበኛ ስልክ ካላችሁ በ033 የሚጀምረውን ጻፉ። «በ24 ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን» የሚል ቃል ግን አትግቡ። ማን ያስጨንቃችሁ?

ሠርቶ መተው

የአምናው ዋጋ። የማይሠራ ስልክ። «በቅርቡ ይጠብቁን» ብሎ ሁለት ዓመት የቆየ ገጽ። ይህ ካለ ባይኖር ይሻላል። «ይግዙ» የሚል ቁልፍም ያው ነው፤ በቴሌብር ይሁን በባንክ ገንዘቡ የሚገባበትን መንገድ ሳታዘጋጁ አትለጥፉት። ፓስወርዱ የልጅ ስምና የልደት ዓመት አይሁን። ዌብሳይቱ የተሠራው ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ከሆነ «አዘምን» ሲላችሁ አዘምኑ፤ ከዚያ በፊት ግን ቅጂ አስቀሩ።

ለእማማ አዲስ ስም አገኘንላቸው፤ ከአሮጌው በአንዲት ቃል ይረዝማል። በራሳቸው ኢሜይል ከፈትነው። የእህታቸው ልጅ አሁንም በካርዱ ከፈለ፤ ባለቤት በሚለው ቦታ ግን እሳቸው ናቸው። የሚታደሰው ኖቬምበር 28 ነው ስላቸው ፊታቸው ጨለመ። ወደኛ መለስኩላቸው፦ «ኅዳር 19 ማለት ነው።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያ ኅዳር ሚካኤል ላይ አስከፍላለሁ። ሳምንት ይቀድማል አይደል?»

ይቀድማል።