ሳትዘጋጅ ረጅም ትራያትሎን ስትገባ፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

ተመዝግበሃል። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ቀኑ ቀርቧል፣ ልምምዱ ግን ካሰብከው ግማሽ አልሞላም። ጎጃም ለሚኖር ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሩዋንዳ ሩባቩ ላይ የሚካሄደው ግማሽ አይረንማን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚደረጉበት የረጅም ትራያትሎን ግማሽ ርቀት) ለእኛ ቅርብ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ እሱም የሚውለው በክረምቱ መሃል ነው፤ ብስክሌት ይዘህ የምትወጣበትን ሰዓት ዝናብ ይወስድብሃል፣ የተረፈውን ሥራ ይወስድብሃል።

ርቀቱን እናስታውስ። ግማሹ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ብስክሌትና 21.1 ሩጫ ነው። ሙሉው የዚያ እጥፍ ነው፦ 3.8፣ 180 እና 42.2።

ከታች ያለውን ስታነብ አንድ ነገር ያዝልኝ። ልምምድ በጎደለው ሰው ላይ ችግሩ የሚታይበት ቦታና የሚጀምርበት ቦታ አንድ አይደለም። አንድ ምልክት በታየህ ቁጥር ያለህበትን ደቂቃ ትተህ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በፊት ምን ስታደርግ እንደነበር ጠይቅ።

«ውሃ ውስጥ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጭንቅ ያዘኝ»

መነሻው ብዙ ጊዜ የጉልበት ማነስ አይደለም። ከሰው ጋር ተጋፍተህ የመጀመሪያውን 200 ሜትር በጥድፊያ ትዋኛለህ፣ አየር መሳብ ላይ ብቻ ታተኩርና ማስወጣቱን ትረሳዋለህ። ያልወጣ አየር ባለበት አዲስ አየር አይገባም። መፍትሄው በጀርባህ ተገልብጦ ወይም በደረት ዋና ጥቂት መቆየት፣ ከዚያ ፊትህን ውሃ ውስጥ ስትከት አየሩን በአፍንጫህ ቀስ እያልክ ማስወጣት ነው። ስትጀምር ከጎንና ከኋላ ቁም፤ የምታጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጭንቁ ካልለቀቀህ ወይም ደረትህን ካመመህ ግን እጅህን አንሳ፣ የነፍስ አድን ጀልባ ይምጣልህ።

ጣና ላይ ልለማመድ ለምትሉ፦ ቢልሃርዝያ አለ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ትሉን የሚያስተላልፈው ትንሹ የውሃ ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን፣ ሣር ያለበትን ይወዳል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ስለዚህ አብዛኛውን ልምምድ ገንዳ ውስጥ ጨርሱ። ጣና የምትገቡ ከሆነ ብቻችሁን አትግቡ፣ ጀልባ ይከተላችሁ፣ ከወጣችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ። መድኃኒት አለው።

«ብስክሌቱ መሃል ላይ እግሬ እምቢ አለ»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ውድድሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከዋና የወጣ ሰው ደስ ብሎታል፣ ልቡ ሞቋል፣ እግሩም ገና ትኩስ ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 ኪሎ ሜትሮች ቀላል ይመስሉታል። በደንብ የተዘጋጀ ሰው እዚያ ላይ ትንሽ ቢያበዛ ይችለዋል፤ አንተ ግን የምታወጣው ከጡንቻህ ስንቅ ላይ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው፣ መንገድ ላይም ቶሎ አይተካም።

መፍትሄው፦ በመጀመሪያው ሩብ ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል፣ ቀንስ። ዳገት ላይ ቀላሉን ማርሽ አስገባና ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ አዙር፤ ከባድ ማርሽ እየገፋህ ጉልበትህን አትጨርስ። ሌላው ሲያልፍህ ይለፍ።

ይህን ለመለማመድ ከባሕር ዳር በመርዓዊ ወደ ዳንግላ የሚወስደውን አስፋልት የመሰለ የለም። ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ዳንግላ ከ2100 ያልፋል፤ ግን ዳገቱ ተበታትኖ ስለሚመጣ ሳታውቀው ይበላሃል። ተመልሰህ ስትመጣ ቁልቁል ነውና ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። ጉልበትህን የምትለካው በመሄጃው ነው። በማለዳ ውጣ፣ ከብቱ፣ ባጃጁና አይሱዙው መንገዱን ሳይሞሉት። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ መውጣትን ግን ለሌላ ዓመት አቆየው፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዳገት በዚያ ሙቀት ለጎደለ ልምምድ ማካካሻ አይሆንም።

እጅ ከደነዘዘና አንገት ከደረቀ መያዣህን በየ10 ደቂቃው ቀይር፣ አልፎ አልፎ ከኮርቻው ተነሣ። ኮርቻ የሚቆርጥህ ከሆነ ከፍታውን ከውድድሩ በፊት አስተካክል፤ በውድድሩ ቀን አትንካው።

«ድንገት ባዶ ሆንኩ፣ ዓይኔ ጨለመ»

ስኳር አልቋል። መነሻው ከሁለት ሰዓት በፊት ያልበላኸው ነው። ረሃብ እስኪሰማህ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። ለብዙ ሰው በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ጥሩ መነሻ ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ እንግዲህ ሁለት ሙዝና አንድ ማንኪያ ማር የአንድ ሰዓት ስንቅ ሆኑ ማለት ነው። የጎጃም ሰው ማር ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

በሶስ? በሶ እወዳለሁ፣ ግን ቦታ አለው። ማታና ማለዳ ብላው። ብስክሌት ላይ ኮዳ ውስጥ ከበጠበጥከው ሥር ይረጋል፣ የኮዳውን አፍ ይደፍናል፣ አሰሩም ሆድ ይነፋል። ለመንገዱ ማር፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ይበቃል።

ጾም ላይ ከሆንክ ረጅሙን ልምምድ ቅዳሜና እሑድ አድርገው፤ እነዚያ ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይጾምባቸው ስለሆኑ መንገድ ላይ መብላት ትችላለህ። ምግብ ሳትቀምስ አራት ሰዓት ብስክሌት መንዳት አቅምህን አይጨምርም፣ ያደቅሃል እንጂ።

«ሆዴ ተነፋ፣ ሊያስመልሰኝ ነው»

ወይ በጣም ፈጥነሃል፣ ወይ በጣም ጣፋጭ ነገር ያለ ውሃ አግበስብሰሃል፣ ወይ ለምደህ የማታውቀውን ጄል (በትንሽ ከረጢት የታሸገ ወፍራም ጣፋጭ ስንቅ) ከመንገድ ዳር ማደያ ጣቢያው አንስተሃል። ለ15 ደቂቃ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ፉት ፉት በል፣ ሲለቅህ በትንሹ ጀምር።

ተጠንቀቅ ደግሞ። እኛ ጋ ለሁሉም ሕመም «ውሃ ጠጣ» ይባላል። ጣቶችህ ካበጡ፣ ራስህን ካመመህ፣ ግራ ግራ ካለህና ሆድህ ውስጥ ውሃው እየተንቦጫቦጨ ከሆነ ችግሩ የውሃ ብዛት ሊሆን ይችላል፤ የደም ጨው ሲቀንስ እንዲህ ያደርጋል፣ ሰውም ይገድላል። መጠጣት አቁምና ወደ ሕክምናው ድንኳን ሂድ። አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም በውድድር መሃል አትዋጥ፤ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

«ሩጫው ላይ መራመድ ብቻ ቀረኝ»

መነሻው ብስክሌቱ ነው፤ ተመልሶ አይስተካከልም። ግን ሂሳብ አለ። በብዙ ሙሉ ርቀት ውድድሮች ከጅማሬው ተቆጥሮ ዋና በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ብስክሌት በ10 ሰዓት ተኩል፣ ሁሉም በ17 ሰዓት ይዘጋል። ከብስክሌት በመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ብትወርድ ለ42.2 ኪሎ ሜትር 6 ሰዓት ተኩል ይቀርሃል፤ በኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ማለት ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ እርምጃ ብቻውን አያደርስህም፣ ትንሽ ሩጫ ግን ያደርስሃል። ገና ሳይደክምህ፣ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ 4 ደቂቃ ሩጥ፣ 1 ደቂቃ ተራመድ። ሲብስብህ 2 በ1 አድርገው። ባትህ ከተኮማተረ ቁምና ጣቶችህን ወደ ራስህ ሳብ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ቀጥል።

«ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ያመለጠኝን ልሙላ?»

አትሙላው። አሁን የምትጨምረው ድካም እንጂ ጉልበት አይሆንም። አጫጭር ልምምድ ሥራ፣ ተኛ፣ ከብስክሌት ወርደህ ወዲያው 15 ደቂቃ መሮጥን ጥቂት ጊዜ ሞክር፣ እግርህ ስሜቱን ይልመደው።

ደረት ላይ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ቀጥ ብሎ መቆም ማቃት፣ ወይም የኮካ መልክ ያለው ሽንት ካየህ ግን እዚያው አቁም። ሽንቱ ከውድድሩ በኋላ በማግስቱ ቢጠቁርም ያው ነው፤ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊት ላይ እየሄደ ሊሆን ይችላልና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ግባ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደተወዳደርክም ንገራቸው።