ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ራሙን እዩት

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የአክስቴ ልጅ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሰሞኑን ኮምፒውተሯ አላንቀሳቅስ አላት። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ላስደርገው» አለችኝ። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ እንየው» አልኳት።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንን። ታስክ ማናጀር (የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየው መስኮት) ተከፈተ። ሜሞሪ (ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን የሚይዝበት ቦታ) 94 በመቶ፣ ዲስክ 100። ማሽኑ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ብሮውዘሩ ላይ 23 ታብ ተከፍቷል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ሜሞሪን 4 ኪሎባይት በሆኑ ትንንሽ ገጾች ከፋፍሎ ለፕሮግራሞች ያድላል። ራሙ ሲሞላ ለጊዜው ያልተነኩትን ገጾች ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ስንፈልጋቸው መልሶ ያመጣል። ሱቅ ሲጠብ ዕቃ መጋዘን እንደማመላለስ ማለት ነው። ሀርድ ዲስክ ደግሞ ከራም አንጻር እጅግ ቀርፋፋ ነው። ያቺ ኮምፒውተሩ ላይ ሳታቋርጥ ብልጭ ድርግም የምትል የዲስክ መብራት ይህን ምልልስ ነው የምታሳየው።

ስለዚህ ሜሞሪ የሚለውን ርዕስ ክሊክ አድርጉ፤ ብዙ የሚበላው ከላይ ይመጣል። የማትሠሩበትን ዝጉ። ሲ ድራይቭ ላይም በቂ ባዶ ቦታ ይኑር፤ ምልልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። «ፔጅ ፋይሉን (ገጾቹ ዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን ፋይል) አጥፉት፣ ይፈጥናል» ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ። ራሙ ጢም ሲል መሄጃ ያጣል፤ ፕሮግራሙ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ይዞ ሊዘጋ ይችላል። አቅም ካለ ራሙን 8 ጊጋ ማድረስ ገንዘቡ አያስቆጭም።

እኛ 17 ታብ ዘጋን። ሜሞሪው 61 በመቶ ላይ ወረደ፤ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ደንበኛም ማመልከቻውን ይዞ ሄደ።