አዲስ ሳንቲም ቀርጾ ገበያ ውስጥ ማስገባት

ሥዕሉን ለኋላ አቆዩት። ሳንቲም መጀመሪያ የሚነበበው በጣት ነው፣ ያውም ኪስ ውስጥ። ስለዚህ የሥራው መነሻ በአገሩ የሚዘዋወሩትን ሳንቲሞች ስፋት፣ ውፍረትና ክብደት ጎን ለጎን ጽፎ ክፍተት መፈለግ ነው። አሜሪካ በ1979 (ቀኖቹና ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣችው፣ የሴቶች መብት ታጋይዋ የሱዛን ቢ. አንቶኒ ምስል ያለበት የ1 ዶላር ሳንቲም ስፋቱ 26.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሩብ ዶላሩ 24.26። ሁለቱም ነጫጭ፣ ጠርዛቸውም ባለ ጥርስ ስለሆነ ሕዝቡ አምታታቸው። የአንቶኒው ሳንቲም ፊት ላይ ዐሥራ አንድ ማዕዘን ያለው ክፈፍ ተቀርጾ ነበር፤ ጠርዙ ግን ክብ ነውና ጣት ምን ይጠቅመዋል? በ1987 የወጣው የካናዳ ዶላር ስፋቱ ያው 26.5 ሆኖ ጠርዙ ራሱ ዐሥራ አንድ ማዕዘን፣ ቀለሙም ወርቃማ ነው።

ቀጥሎ ብረቱ። የመሸጫ ማሽን ሳንቲምን የሚለየው በመጠኑና ብረቱ ለኤሌክትሮማግኔት በሚሰጠው ምላሽ ስለሆነ የጎረቤትን ሳንቲም አለማየት ያስከፍላል። የ2005ቱ የቱርክ 1 ሊራ 26.15 ሚሊ ሜትርና 8.5 ግራም፣ ባለ ሁለት ብረት ነበር። 2 ዩሮም 25.75 ሚሊ ሜትርና 8.5 ግራም፣ ባለ ሁለት ብረት ነው። ዋጋው ብዙ ያነሰው ሊራ አንዳንድ ማሽኖችን አታለለ፤ ቱርክም በ2009 ሳንቲሙን ቀየረች። ሁለት ብረት ማጣመር (የእኛም 1 ብር እንዲሁ ነው) አስመሳዩን ያደክማል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ሥዕሉ። ጠርዙ ከሥዕሉ ከፍ ይበል፤ አለዚያ ሳንቲሞቹ አይደረደሩም፣ ፊቱም ቶሎ ይላጫል። በዘውዱ በኩል ከፍ ያለው ቦታ በጎፈሩ በኩል ካለው ከፍታ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገጥም፤ በአንድ ምት ብረቱ በማተሚያዎቹ ላይ ያለውን ሁለቱንም ጉድጓድ ስለማይሞላ ሥዕሉ ደብዛዛ ይወጣል።

ዋና ማኅተሞች (የሳንቲሙ ሥዕል የሚታተምባቸው ቅርጾች) ሲጓጓዙ የሁለቱ ፊት ለየብቻ፣ በጥበቃ ይሂድ። የካናዳው ዶላር ማኅተሞች በ1986 ከኦታዋ ወደ ዊኒፔግ ሲሄዱ ጠፉ። አስመሳይ እጅ ገብተው ይሆናል ተብሎ የታንኳ ቀዛፊዎቹ ሥዕል ቀረና ዛሬ የምናየው የውኃ ወፍ ተተካ።

ከማውጣታችሁ በፊት ለማሽን ባለቤቶች የመሞከሪያ ሳንቲም ስጡ። እንግሊዝ ለዐሥራ ሁለት ማዕዘኑ ፓውንድ 2015 የተጻፈበት መሞከሪያ አዘጋጅታ ነበር። ሳንቲሙ መጋቢት 28 ቀን 2017 ወጣ፤ የአሮጌው ሕጋዊነት ጥቅምት 15 አበቃ። ስድስት ወር ተኩል ገደማ ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ።

አዲሱ የሚተካው ኖት ከሆነ ግን ዋናው ነገር ኖቱን ማቆም ነው። ሰው ቀላሉን ወረቀት እያገኘ ብረት አይሸከምም። አሜሪካ የ1 ዶላር ኖቷን ስላላቆመች የአንቶኒ ሳንቲም ካዝና ውስጥ ተከማቸ፤ ካናዳ በሰኔ 1989 ኖቱን ማሰራጨት አቆመችና ሕዝቡ ሳንቲሙን ያዘ።