ስምጥ ሸለቆን በአሸዋና በዱቄት እንዴት መሥራት ይቻላል

የዓባይን ሸለቆ ወንዙ ቆፍሮታል። ከዝዋይ እስከ ጫሞ ያሉት ሐይቆች የተኙበትን ሜዳ ግን የቆፈረው የለም፤ ግራና ቀኙ ሲራራቅ መካከሉ ሰምጦ ነው የተፈጠረው። ይህን በቃል ከማስረዳት ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ ይቀላል፤ በቤቱ ልጆች ካሉ መጎተቱን ለእነሱ ተዉላቸው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ደረቅና የተነፋ ደቃቅ አሸዋ፣ ዱቄት (ነቀዝ የገባው ካለ ለዚህ ይበቃል፤ ደህናውን አታባክኑ)፣ ወንፊት፣ ማስመሪያ፣ ፕላስተርና ሁለት ወፍራም ወረቀቶች። ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ካላችሁ ከእሱ ቅደዱ፤ ገጹ ለስላሳ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል።

1. አንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ጥግ ጥጉን በፕላስተር አጣብቁት። ሁለተኛውን በላዩ አድርጉ፤ ሆኖም የታችኛውን ግማሽ ብቻ ይሸፍን፣ ጫፉም ለመጎተቻ እንዲሆን ወደ ምሥራቅ ይትረፍ። የማይንቀሳቀሰው ከሸለቆው በስተ ምዕራብ ያለው የኑቢያ ፕሌት (ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ) ነው፣ የሚጎተተው በስተ ምሥራቅ ያለው የሶማሊያ። የላይኛው ወረቀት ጠርዝ ያረፈበትን መስመር ልብ በሉ፤ የሚሆነው ሁሉ ከዚያ በላይ ነው የሚሆነው።

2. መስመሩን መካከል አድርጋችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አንጥፉ፤ በላዩ ዱቄት በስሱ ንፉበት። እንዲህ እያፈራረቃችሁ 3 ሴንቲ ሜትር አድርሱት፤ የመጨረሻው ንጣፍ ዱቄት ይሁን። በእጅ አትጫኑት። አሸዋ ብቻውን ሲሆን ስንጥቁ ገና ከመከፈቱ ተንዶ ይደፈናል፤ ዱቄት ግን ጠርዙን ይዞ ይቆማል።

3. የስልክ ባትሪ ከጎን በዝቅታ አብሩና ወረቀቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። መጀመሪያ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ብዙ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ መንጭቆ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሄደ በኋላ ፀጉር የምታክል መስመር በዱቄቱ ላይ ብቅ ትላለች፤ ቀጥሎ ትይዩዋ ሌላ። ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለው ንጣፍ ደረጃ ሠርቶ ይወርዳል። በየሴንቲ ሜትሩ እያቆማችሁ ፎቶ አንሡ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ይበቃል።

መሬትም እንዲሁ ነች። የኢትዮጵያ ዋናው ስምጥ ሸለቆ በአማካይ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ይህ ማለት ግን ሳያቋርጥ በእኩል መጠን ይከፈታል ማለት አይደለም። በመስከረም 2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ሥር ቅልጥ አለት ገብቶ መሬቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ አራራቀው። ለዘመናት ሲጠራቀም የኖረው ውጥረት ነው በአንድ ጊዜ የተፈታው።

ስሌት ለሚወድ ሰው፦ የንጣፋችሁን አንድ ሴንቲ ሜትር እንደ 5 ኪሎ ሜትር ብትቆጥሩት፣ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ሒሳብ የጎተታችሁት እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይወስዳል።

4. አሁን ውስጡን እንይ። ውሃ በመርጫ በጣም በስሱ እየረጫችሁ አሸዋው እስኪርስ ጠብቁ፤ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰበት ሁሉም ይፈርሳል። ከዚያ በሰፊ ቢላዋ ስንጥቆቹን አቋርጣችሁ ቁረጡና አንዱን ወገን አንሡ። ነጫጭ የዱቄት መስመሮቹ በስንጥቁ ላይ ተቆርጠው መካከል ላይ ዝቅ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ስንጥቆቹም ቀጥ ብለው አይወርዱም፤ ወደ ሸለቆው አዘንብለው ነው የሚገቡት። መካከሉ ሲለጠጥ ተንሸራቶ የሚወርደው በዚህ ዘንበል ባለ ገጽ ላይ ነው።

5. ፎቶውን ከሳተላይት ካርታ ጋር አስተያዩ። ከአዳማ ወደ ዝዋይ ስትወርዱ በስተ ምዕራብ የጉራጌ ተራሮች፣ በስተ ምሥራቅ የአሰላ ከፍታ ቆመዋል፤ እነዚህ የሸለቆው ትልልቅ ደረጃዎች ናቸው። በመካከሉ ሜዳ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ያዘነበሉ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። የወንጂ ስብራት ቀበቶ ይባላሉ፤ ከዳር ካሉት ስብራቶች በዕድሜ ያንሳሉ። ሻላ ሐይቅን ግን ሞዴላችሁ ላይ አትፈልጉት። ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ የሆነው በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጣሪያው በተደረመሰ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኛ ነው፤ በአሸዋና በዱቄት ሥር እሳት የለም።

6. አሸዋ ከተረፋችሁ ሁለተኛ ሙከራ አለ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። የላይኛውን ወረቀት ጠርዝ በሰያፍ ቁረጡትና አቀማመጡን ሳትለውጡ እንደ ቀድሞው ወደ ምሥራቅ ጎትቱ። አሁን አንድ ረጅም ስንጥቅ አይወጣም፤ አጫጭር ስንጥቆች አንዱ ከሌላው ፈንጠር እያሉ በተርታ ይሰለፋሉ። ካርታው ላይ ወደ ወንጂ ቀበቶ ተመለሱና እያንዳንዱ ቁራጭ የት እንደሚቋረጥ፣ ቀጣዩም በየትኛው ጎን ፈቀቅ ብሎ እንደሚጀምር ተከታተሉ።